የኤስዲአር ጥሬ ቅጂን ወደ ድምፅ ፋይል መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኤስዲአር ሪሲቨር (የሬዲዮውን ሥራ በኮምፒውተር ሶፍትዌር የሚሠራ ተቀባይ) ጥሬውን ሲግናል ቀድታችሁ «እሺ አሁን ይሄን እንዴት ነው የምሰማው» ለምትሉ፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ጥሬ ቅጂ ማለት ምን ማለት ነው? ድምፅ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ጥሬ ቅጂ ማለት በአንቴናው የገባው ሞገድ ራሱ በቁጥር ተለክቶ የተቀመጠበት ፋይል ነው፣ ገና ማንም አልተረጎመውም። እያንዳንዱ ሳምፕል፣ ማለትም የአንድ ቅፅበት ልኬት፣ ሁለት ቁጥር አለው፣ አንዱ «አይ» ሌላው «ኪው» ይባላል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ሞገዱ በዛች ቅፅበት ምን ያህል ጉልበት እንደነበረውና በየትኛው ማዕዘን ላይ እንደነበር ይናገራሉ። ሰው አይኪው ፋይል የሚለው ለዚህ ነው።

በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ሳምፕል ከቀዳችሁ 2.4 ሜጋኸርዝ የሚሰፋ የሬዲዮ ቁራጭ በሙሉ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ የኤፍኤም ባንድ ላይ ከነበራችሁ ብዙ ጣቢያ ባንዴ እያወራ ተቀድቷል ማለት ነው። ድምፅ የሚመጣው ከነዛ ውስጥ አንዱን መርጣችሁ፣ ሌላውን አስወጥታችሁ፣ ዲሞዱሌት ስታደርጉት፣ ማለትም ሞገዱ የተሸከመውን ድምፅ ስታወጡት ነው። እኔ ሁሌ የምለው ይሄን ነው፣ ድምፅ ፋይሉ ከጥሬው ውስጥ ዛሬ የመረጣችሁት አንድ ነገር ነው፣ ነገ ከዛው ፋይል ሌላ መምረጥ ትችላላችሁ።

በተራ ማጫወቻ ስከፍተው ሽሽሽ ብቻ ነው የሚለኝ፣ ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

ባብዛኛው ፋይሉ ምንም አልሆነም። ብዙ የኤስዲአር ሶፍትዌሮች ጥሬውን በዋቭ መልክ ነው የሚያስቀምጡት፣ ማጫወቻው ደግሞ ዋቭ ሲያይ ሙዚቃ ይመስለውና «አይ»ን በግራ ስፒከር «ኪው»ን በቀኝ ስፒከር ይለቀዋል። ዋቭ ግን ዕቃ መያዣ ነው፣ ውስጡ ድምፅም ጥሬ ሲግናልም ሊቀመጥ ይችላል፣ ስሙን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ የፋይሉን ስም መቀየር ወይም ኦንላይን ኮንቨርተር ላይ መጫን ምንም አይፈይድም፣ ሽሽታውን ነው ወደ ኤምፒ3 የሚቀይርላችሁ። እንደውም ኤምፒ3 የሰው ጆሮ አይለየውም ያለውን ስለሚጥል ሲግናሉን ራሱን ያጠፋዋል፣ ከዛ በኋላ ከኤምፒ3ው ጣቢያ ማውጣት አይቻልም።

ከመጀመሬ በፊት ስለፋይሉ ምን ማወቅ አለብኝ?

ሦስት ነገር፦ ሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ ስንት ሳምፕል እንደተቀዳ)፣ የቁጥሩ ዓይነት፣ እና የተቀዳበት መሃል ፍሪኩዌንሲ። አራተኛው የምትፈልጉት ሲግናል በምን መንገድ እንደተላከ ነው፣ ኤፍኤም ነው ኤኤም ነው ኤስኤስቢ (የኤኤምን አንድ ጎን ብቻ የሚልክ) ነው የሚለው፣ እሱን ግን በኋላ ሞክሮ ማግኘትም ይቻላል።

የቁጥር ዓይነት ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኤርቲኤል2832ዩ ቺፕ ያላቸው ርካሽ ዶንግሎች (ዩኤስቢ ላይ የሚሰኩ ትንንሽ ሪሲቨሮች) ሳይን የሌለው፣ ኔጋቲቭ ቁጥር የማይዝ 8 ቢት ነው የሚሰጡት፣ ከ0 እስከ 255 ማለት ነው፣ መሃሉ 127.5 ነው። ሃክአርኤፍ የሚባለው ሪሲቨርም 8 ቢት ነው ግን ሳይን ያለው፣ ከ128 ኔጋቲቭ እስከ 127። ኤርስፓይና ኤስዲአርፕሌይ ላይ የተቀዳው ባብዛኛው 16 ቢት ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ጂኤንዩ ሬዲዮ እና ጂኪውአርኤክስ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ደግሞ 32 ቢት ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ይጽፋሉ፣ አንድ ሳምፕል ብቻውን 8 ባይት ይይዛል። ሳይን የሌለውን ሳይን እንዳለው አድርጋችሁ ካነበባችሁት መሃሉ ላይ የነበሩት ጸጥ ያሉ ቁጥሮች ከጫፍ ጫፍ ይዘላሉ፣ በቃ ምንም አይሰማም።

ማስታወሻ አልያዝኩም፣ ያለኝ ፋይሉ ብቻ ነው፣ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የፋይሉን ስም በደንብ እዩት። ኤስዲአር ሻርፕና ጂኪውአርኤክስ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፍሪኩዌንሲውን ስሙ ውስጥ ይጽፋሉ፣ ጂኪውአርኤክስ ሳምፕል ሬቱንም ይጨምራል። ኤችዲኤስዲአር ደግሞ ዋቭ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለች የራሷ መረጃ ክፍል ውስጥ መሃል ፍሪኩዌንሲውን ያስቀምጣል። ፋይሉ በሲግኤምኤፍ ፎርማት የተቀዳ ከሆነ አጠገቡ ያለችውን ትንሿን የጽሑፍ ፋይል ክፈቱ፣ ሁሉም እዛ ተጽፏል።

ስሙ ካልረዳችሁ ሂሳብ ይረዳል። ቅጂው ስንት ደቂቃ እንደነበር ካስታወሳችሁ የፋይሉን መጠን በሰከንዱ አካፍሉት። ለምሳሌ 10 ደቂቃ ተቀድቶ 2,880,000,000 ባይት ከሆነ በሰከንድ 4,800,000 ባይት ነው፣ ይሄ ወይ 2.4 ሚሊዮን ሳምፕል በ8 ቢት፣ ወይ 1.2 ሚሊዮን በ16 ቢት፣ ወይ 600 ሺህ በፍሎት ነው፣ በምን ዶንግል እንደቀዳችሁ ስታስቡት ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይቀራል። ከዛ ፋይሉን ባይት የሚያሳይ ፕሮግራም ላይ ከፍታችሁ የመጀመሪያዎቹን መቶ ባይቶች እዩ። 127፣ 128፣ 126፣ 129 እያለ እዛው አካባቢ የሚዋልል ከሆነ ሳይን የሌለው 8 ቢት ነው። ወደ 0 እና ወደ 255 የተጠጉ ባይቶች ብቻ ከበዙ ሳይን ያለው 8 ቢት ነው፣ 255 ማለት እዚህ ጋ 1 ኔጋቲቭ ነው። በየአራት ባይቱ የመጨረሻዋ ባይት ተመሳሳይ ነገር ከደጋገመች ደግሞ ፍሎት መሆኑ ነው።

መሃል ፍሪኩዌንሲው ከጠፋ ድምፁን ከማውጣት አይከለክላችሁም። ዋተርፎሉ (ሶፍትዌሩ ሲግናሎቹን በፍሪኩዌንሲና በሰዓት የሚያሳይበት ምስል) ላይ ያሉትን ጣቢያዎች አይታችሁ አንዱን ካዳመጣችሁ በኋላ ማን እንደሆነ ሲናገር ትሰሙታላችሁ፣ ከሱ ተነስታችሁ የሌላውን ቦታ ትቆጥራላችሁ።

የቱን ሶፍትዌር ልጠቀም?

አንድ ሁለት ፋይል ብቻ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ፋይሉን እንደ ሪሲቨር አድርጎ የሚያጫውት ፕሮግራም ነው። ኤስዲአር ፕላስ ፕላስ፣ ኤስዲአር ሻርፕ፣ ጂኪውአርኤክስ ሁሉም ከዶንግል ይልቅ ፋይል ምረጡ ስትሏቸው ይቀበላሉ፣ ዋተርፎሉን እያያችሁ ጣቢያው ላይ ትጫኑና የድምፅ ሪከርድ ቁልፏን ትጫናላችሁ፣ አለቀ። ጉዳቱ አንድ ሰዓት ቅጂ አንድ ሰዓት መፍጀቱ ነው።

ፋይሉ ከበዛ ጂኤንዩ ሬዲዮ ወይም ፓይተን ከናምፓይና ሳይፓይ ጋር ይሻላል፣ አንዴ ከሠራችሁት ሌሊቱን ሙሉ እየቀየረ ያድራል። ኦዳሲቲ፣ ሶክስ እና ኤፍኤፍኤምፔግ ግን የድምፅ መሳሪያ ናቸው፣ ሥራቸው የሚጀምረው ከዲሞዱሌሽን በኋላ ነው። ሰው ኦዳሲቲ ላይ ጥሬውን ኢምፖርት አድርጎ «ኤክስፖርት ሳደርገው ድምፅ የለውም» የሚለው ይሄ ስላልተነገረው ነው።

በራሴ ኮድ ልሠራው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ምንድነው?

በምሳሌ ልሂድ። መሃሉ 100 ሜጋኸርዝ፣ ሳምፕል ሬቱ 2.4 ሚሊዮን፣ የምንፈልገው ጣቢያ 100.3 ላይ ነው እንበል። መጀመሪያ ባይቶቹን ወደ ቁጥር እንቀይራለን፣ ከእያንዳንዱ 127.5 ቀንሰን በ127.5 እናካፍላለን፣ ጥንድ ጥንዱን «አይ» እና «ኪው» አድርገን አንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር እናደርጋለን። ከዛ ጣቢያው ከመሃል 300 ኪሎኸርዝ ወደ ላይ ስለሆነ በ300 ኪሎኸርዝ ኔጋቲቭ በሚዞር ሞገድ አባዝተን ወደ መሃል እንስበዋለን። ቀጥሎ 100 ኪሎኸርዝ ላይ የሚቆርጥ ሎውፓስ ፊልተር (ከዛ በላይ ያለውን የሚጥል)፣ ጎረቤት ጣቢያ እዚህ ጋ ይወጣል፣ ከዛ ከአስር ሳምፕል አንዱን ብቻ እየያዝን ሌላውን እየጣልን ወደ 240 ሺህ እንወርዳለን።

ዲሞዱሌሽኑ ራሱ ለኤፍኤም አንድ መስመር ኮድ ነው፣ የአሁኑን ሳምፕል በቀዳሚው ሳምፕል ኮንጁጌት («ኪው»ው ምልክቱ የተገለበጠ) ታባዙና የውጤቱን ማዕዘን ትወስዳላችሁ። ማዕዘኑ በፈጠነ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ከፍ ብሏል ማለት ነው፣ ድምፁ ያለው እዛ ለውጥ ውስጥ ነው። ይሄ ቁጥር ግን እስከ 1 ብቻ አይደለም፣ ጣቢያው 75 ኪሎኸርዝ ሲወዛወዝ በ240 ሺህ ሬት ወደ 1.96 ራዲያን ይደርሳል፣ በሱ ካላካፈላችሁት ዋቭ ስትጽፉት ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ የተቀደደ ድምፅ ይሰጣችኋል።

አሁን 15 ኪሎኸርዝ ላይ ሌላ ሎውፓስ፣ ከአምስት አንዱን ብቻ ይዛችሁ 48 ሺህ። ይሄን ሁለተኛ ፊልተር እባካችሁ አትዝለሉት። የኤፍኤም ጣቢያ ከድምፁ በላይ 19 ኪሎኸርዝ ላይ ፓይለት (ስቴሪዮ መኖሩን የሚነግር ቀጥ ያለ ቃና)፣ 38 ዙሪያ የስቴሪዮ ክፍል፣ 57 ላይ የአርዲኤስ ዳታ (የጣቢያው ስምና የመሳሰለው ጽሑፍ) ይልካል። ሳትቆርጡ ወደ 48 ሺህ ከወረዳችሁ 38ቷ ተመልሳ 10 ኪሎኸርዝ ላይ፣ 57ቷ 9 ኪሎኸርዝ ላይ ታርፋለች፣ ዘፈኑ ላይ የማይለቅ ዝዝታ ከሰማችሁ ከዛ ነው የመጣው። በመጨረሻ 16 ቢት ሞኖ ዋቭ አድርጋችሁ ጻፉት።

ሳምፕል ሬቴ 2.4 ሚሊዮን አይደለም፣ ለ48 ሺህ እኩል አይካፈልም፣ ምን ይሻላል?

2,048,000 ላይ የቀዳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። በ48,000 ሲካፈል 42.67 ገደማ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በ3 አብዝቶ በ128 የሚያካፍል ሪሳምፕለር ትጠቀማላችሁ፣ ልክ 48,000 ይወጣል። ጂኤንዩ ሬዲዮም ሳይፓይም ዝግጁ አላቸው። «43 ብዬ ላካፍለውና 48 ሺህ ነው ልበለው» ማለት ግን አይሆንም፣ ድምፁ ትንሽ ይዛባል፣ ረዥም ቅጂ ላይ ደግሞ ሰዓቱ እየሸሸ ይሄዳል።

ድምፁ ፈጥኖ ወይም ቀጥኖ ነው የሚሰማኝ

የሳምፕል ሬቱ ቁጥር ተሳስቷል። በ2,048,000 የተቀዳውን 2,400,000 ነው ካላችሁት 17 ፐርሰንት ይፈጥናል፣ የወንዱ ድምፅ ቀጭን ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ የውጤቱ ርዝመት ከቀዳችሁበት ደቂቃ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ርዝመቱ ትንሽ አጥሮ መሃል መሃል ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ሲቀዳ ኮምፒውተሩ ወይም ዩኤስቢው አልደረሰለትም፣ ሳምፕል ጥሏል። የጠፋውን መመለስ አይቻልም፣ በሚቀጥለው ሬቱን ዝቅ አድርጋችሁ ቅዱ።

በየሰከንዱ «ጠቅ» የሚል ድምፅ አለ፣ ሳምፕል ግን አልጠፋም

ይሄ እኔንም ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። 8 ቢቱ ፋይል ኮምፕሌክስ ፍሎት ሲሆን ሜሞሪ ላይ አራት እጥፍ ስለሚያብጥ 1 ጊጋባይቱ 4 ጊጋባይት ይሆናል፣ ስለዚህ ቆራርጬ ነበር የማነበው፣ አንድ ሰከንድ አንድ ሰከንድ። ጠቅታው ልክ በየሰከንዱ መሆኑን በሰዓት ለክቼ ሳየው ነው የገባኝ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ፊልተሩ ከዜሮ እየጀመረ ነበር።

መፍትሄው ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሦስት ነገር ማሻገር ነው፦ የፊልተሮቹን ሁኔታ፣ ወደ መሃል የምትስቡበት ሞገድ የቆመበትን ማዕዘን፣ እና የኤፍኤሙ ስሌት የሚፈልጋትን የመጨረሻ ሳምፕል። ሳይፓይ ላይ ፊልተሩ የመነሻ ሁኔታ ይቀበላል፣ የመጨረሻውንም ይመልሳል፣ እሱን ለቀጣዩ መስጠት ብቻ ነው። ሦስቱንም ካሻገራችሁ ጠቅታው ይጠፋል።

ኤፍኤም፣ ኤኤም፣ ኤስኤስቢ፣ የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ስፋቱስ?

ዋተርፎሉን እዩ። ወደ 200 ኪሎኸርዝ የሚሰፋ፣ ከሙዚቃው ጋር እያበጠ የሚሰበሰብ ከሆነ የብሮድካስት ኤፍኤም ነው። 12.5 ወይም 25 ኪሎኸርዝ ቻናል ላይ የሚመጣና የሚሄድ የእጅ ሬዲዮ ዓይነት ከሆነ ናሮው ኤፍኤም ነው፣ በሰፊው ዲሞዱሌት ካደረጋችሁት ድምፁ በጣም አንሶ ጫጫታ ይውጠዋል። መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ የማይነቃነቅ መስመር፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ከሆነ ኤኤም ነው፣ አጭር ሞገድ ጣቢያዎችና ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው የአውሮፕላን ንግግር እንደዛ ነው። ኤኤም ሲሆን ማዕዘኑን ትታችሁ የሳምፕሉን ጉልበት (ከ«አይ» እና «ኪው» የሚሰላውን ርዝመት) ብቻ ትወስዳላችሁ፣ አማካዩን ትቀንሳላችሁ።

መስመር የሌለው፣ ሰው ሲያወራ ብቻ የሚታይ፣ 3 ኪሎኸርዝ እንኳን የማይሞላ ከሆነ ኤስኤስቢ ነው። አማተሮች በልማድ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች የታችኛውን ጎን፣ በላይ ደግሞ የላይኛውን ይጠቀማሉ። ኤስኤስቢ ላይ 100 ኸርዝ ስሕተት እንኳን ንግግሩን እንግዳ ያደርገዋል፣ ሰው ሰው እስኪመስል ድረስ ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ።

ድምፁ ወጥቷል ግን «ስ» እና «ሽ» ጆሮ ይበሳል

ዲኤምፋሲስ አላደረጋችሁም። የኤፍኤም ጣቢያዎች ሲልኩ ቀጭኑን ድምፅ ሆን ብለው ከፍ ያደርጉታል፣ ተቀባዩ መልሶ ዝቅ እንዲያደርገው፣ እንደዛ ሲደረግ ጫጫታውም አብሮ ይወርዳል። ባብዛኛው ዓለም 50 ማይክሮሰከንድ ነው፣ አሜሪካ 75 ትጠቀማለች። አንድ ፖል ያለው ቀላል ፊልተር ይበቃል፣ ልዩነቱ ግን ወዲያው ይሰማል።

ጣቢያው ከመሃሉ በተቃራኒ በኩል ነው የሚታየኝ፣ ኤስኤስቢውም አይገባኝም

«አይ» እና «ኪው» ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ስለዚህ ስፔክትረሙ እንደ መስታወት ተገልብጧል። ኤፍኤምና ኤኤም ከሆነ ጣቢያውን በተገለበጠበት ቦታ ካገኛችሁት ድምፁ ደህና ነው፣ ጆሯችሁ ላያስተውለው ይችላል፣ ኤስኤስቢ ግን የላይኛው ጎን የታችኛው ስለሚሆን ንግግር መሆኑ ይቀራል። ባብዛኛው የሚመጣው ከፋይሉ መጀመሪያ አንድ ባይት ሲጎድል ነው፣ 8 ቢት ላይ አንድ ባይት ከዘለላችሁ ጥንዱ ሁሉ ይዛነፋል። የዋቭ ሄደር (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለችው መግለጫ) ለመዝለል ስትቆርጡ ሁሌ ሙሉ ሳምፕል ቁረጡ።

መሃል ላይ ያለው የማይጠፋ መስመርስ?

እሱ ጣቢያ አይደለም፣ የሪሲቨሩ የራሱ የዲሲ (የዜሮ ፍሪኩዌንሲ) ስሕተት ነው። የፈለጋችሁት ሲግናል እሱ ላይ ካረፈ አማካዩን መቀነስ ትንሽ ይረዳል፣ ትክክለኛው መድኃኒት ግን ስትቀዱ ከጣቢያው ሁለት ሦስት መቶ ኪሎኸርዝ ፈቀቅ ብሎ ቱን ማድረግ ነው።

ዋቭ ፋይሌ 4 ጊጋባይት ሲደርስ ለምን ይቆማል?

ዋቭ መጠኑን የሚጽፈው በ32 ቢት ቁጥር ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ መናገር አይችልም። በ2.4 ሚሊዮን ሳምፕል በ8 ቢት በደቂቃ 288 ሜጋባይት ስለሆነ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ትደርሱበታላችሁ። አንዳንድ ሶፍትዌር ያቆማል፣ አንዳንዱ ይቀጥልና ሄደሩ ላይ የተሳሳተ መጠን ይተዋል፣ እንደዛ ከሆነ ዳታው አለ፣ ሄደሩን ዘላችሁ እንደ ጥሬ አንብቡት። ለወደፊቱ በአርኤፍ64 (ትልቅ መጠን የሚችል የዋቭ ዓይነት) ወይም ያለ ሄደር ቅዱ።

ድምፁን በምን ፎርማት ላስቀምጠው?

ለመስማትና ለሰው ለመላክ ኤምፒ3 ወይም ኦፐስ ይበቃል። ለማስቀመጥ ፍላክ፣ ምንም ሳይጥል ከዋቭ ያንሳል። ድምፁን ዲኮደር ውስጥ የምትከቱት ከሆነ ግን ኤምፒ3ን ጭራሽ አትንኩት፣ ዲኤምአርን (የእጅ ሬዲዮ ዲጂታል አሠራር) የመሰለ ዲጂታል ሲግናል የሚፈልገው 48 ሺህ ሳምፕል ያለው ዋቭ ነው፣ ዲኤምፋሲስም ስኩዌልችም (ሲግናል ሲጠፋ ድምፁን የሚዘጋው) ሳይደረግበት። የተመሰጠረ ከሆነ ከማንኛውም ፎርማት ድምፅ አይወጣም፣ የመጥለፍና የመቅዳት ሕግም ከአገር አገር ይለያያልና የራሳችሁን እወቁ።

ድምፁን ካወጣሁ በኋላ ጥሬውን ላጥፋው?

እኔ አታጥፉት ነው የምለው፣ ቢያንስ ድምፁን እስከ መጨረሻው ሳትሰሙት። ኖዋ 15፣ 18 እና 19 የሚባሉት የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ለብዙ ዓመት በ137 ሜጋኸርዝ ዙሪያ የምድርን ፎቶ በኤፍኤም ድምፅ ውስጥ ይልኩ ነበር፣ በዶንግልና በሽቦ አንቴና ስንቱ ሰው ነው በነሱ የጀመረው፣ 2025 ላይ ሦስቱም ተዘጉ። ያኔ በጠባብ ፊልተር ድምፅ ብቻ ያስቀረ ሰው ጋ ያለው የተበላሸ ምስል ነው፣ ሲግናሉ ወደ 40 ኪሎኸርዝ ስፋት ይፈልግ ነበርና። ጥሬው ያለው ግን ዛሬም ፊልተሩን አስፍቶ እንደገና ያወጣዋል።

ቦታ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ሙሉውን መያዝ ግዴታ አይደለም። ዚፕ ማድረግ ብዙም አይረዳም፣ ጥሬው አብዛኛው ጫጫታ ስለሆነ እምብዛም አይጨመቅም። ይልቅ የምትፈልጉትን ቁራጭ ብቻ ወደ መሃል ስባችሁ፣ ፊልተር አድርጋችሁ፣ ዲሞዱሌት ሳታደርጉ በ240 ሺህ ሳምፕል በ16 ቢት አስቀምጡት፣ በደቂቃ 288 የነበረው 57.6 ሜጋባይት ይሆናል። 16 ቢት ያልኩት ሳምፕል ስትቀንሱ ጫጫታው ስለሚወርድ 8 ቢት ሊይዘው የማይችለው ጥቃቅን ልዩነት ስለሚታይ ነው። ስሙ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አዲሱን መሃል ፍሪኩዌንሲና አዲሱን ሳምፕል ሬት ጻፉበት።